ዋልካ የጠጣው ደም

ቦታው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ሁለቱ ተናጋሪዎች ለዚህ ምልልስ የተፈጠሩ ናቸው፤ የሚያነሷቸው ጉዳዮች ግን በእውነት የሆኑ ናቸው። አንደኛው በአገር ቤት ፖሊስ ውስጥ በወንጀል ሥፍራ ምርመራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ በስደተኞች ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ወሬው የተነሣው ከአንድ የስልክ ፎቶ ነው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እስኪ ይህን ይዩልኝ። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ባለፈው አንዱ አሳየኝና «ማይካድራ ነው፤ የእኛን ሰዎች ሲጨርሷቸው» አለኝ። ሰንበት ብሎ ሌላው ይህንኑ ፎቶ አሳየኝ፤ ገዳዩንና ሟቹን አገላብጦ ነገረኝ። ግድግዳው ላይ ደሙ እንዴት እንደተረጨ ያዩታል? ዕድሜ ልክዎን በዚህ የሠሩ ሰው ከዚህ አንድ ነገር አያጡም ብዬ ነው።

መርማሪው፦ አላጣሁም። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። ፎቶው የተነሣው ከጎን ነው።

ነርሷ፦ በቃ?

መርማሪው፦ በቃ። ክብ ነገር ከጎን ሲነሣ ሞላላ ይመስላል። የእኛ ሥራ ደግሞ የቆመው ጠብታው ክብ ነው ወይስ ሞላላ በሚለው ላይ ነው። ካሜራው ካጣመመው የምለካው የፎቶ አንሺውን አቋቋም እንጂ የደሙን አመጣጥ አይደለም። አጠገቡ መጠኑ የሚታወቅ ዕቃ እንኳ የለም። ጠብታው የምስር ያህል ይሁን የሳንቲም ያህል በምን ልወቅ?

ነርሷ፦ አምነስቲ ግን ከፎቶና ከቪዲዮ ተነሥቶ ተናግሯል። ማይካድራ ከተማ ሰዎቹ የተገደሉት በትግራይ ጦርነት መጀመሪያ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2013 ነው፤ ኅዳር 3 መግለጫው ወጣ። በሦስተኛው ቀን።

መርማሪው፦ ምን ብሎ እንደተናገረ ልብ በይ። ምስሎቹን ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይቶ ቦታው ማይካድራ መሆኑን አረጋገጠ። አንድ ገለልተኛ ፓቶሎጂስት ቁስሎቹን አይቶ እንደ ቢላና ገጀራ ባለ ስለት የደረሱ ይመስላሉ አለ። የተነበበው ገላ ላይ ያለ ቁስል ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለ ፍንጣቂ አይደለም። ማን አደረገው በሚለው ላይ ደግሞ ድርጅቱ በዚያን ጊዜ በራሱ እንዳላረጋገጠ ገልጾ፣ ለሕወሓት ታማኝ የሆኑ ኃይሎች ናቸው ያሉትን ምስክሮች ቃል ለብቻው አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ደስ ይለኛል። ሰው ግን መግለጫውን ሲያነብ ሁለቱን አንድ ላይ ይውጣቸዋል።

ነርሷ፦ እሺ፣ ፎቶው ይቅር። ግድግዳው ፊት ቢቆሙ ኖሮስ?

መርማሪው፦ ማስመሪያ አወጣለሁ። ጠብታ አየር ላይ ስትሄድ ድብልብል ናት፤ እንደ ሥዕሉ ጫፏ የሾለ አይደለችም። ግድግዳውን ፊት ለፊት ብትመታው ክብ ትሆናለች፣ በሰያፍ ብትመጣ ትሞላለላለች። ወርዷን ለርዝመቷ አካፍይው፤ የሚወጣው ቁጥር የመጣችበት ማዕዘን ሳይን ነው። ወርዷ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ30 ዲግሪ ነው የመጣችው። ጭራዋ ወዴት ትሄድ እንደነበር ያሳያል። ከብዙ ጠብታዎች ወደ ኋላ መስመር ስትስቢ መስመሮቹ አንድ አካባቢ ይገናኛሉ፤ ማዕዘኑን ስትጨምሪበት ከፍታውም ይወጣል። ድሮ ክር እየወጠርን ነበር የምንሠራው፤ ዛሬ ኮምፒውተር አለ።

ነርሷ፦ ስለዚህ ሟቹ የት እንደቆመ ይታወቃል።

መርማሪው፦ ደሙ ከየት አካባቢ እንደተነሣ ይታወቃል። ደግሞም ክር ቀጥ ይላል፤ ጠብታ ግን ወደ መሬት እየተሳበች ትጎብጣለች። ስለዚህ ክሩ ከእውነተኛው ከፍታ በላይ የማሳየት ጠባይ አለው። ተንበርክኮ የተመታውን ሰው ቆሞ ያስመስልብሻል። ዳኛ ፊት በመንበርከክና በመቆም መካከል ያለውን ልዩነት አስቢው፤ አንዱ ጠብ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ግን ሌላ ነገር ነው። ሌላም አለ። ጠብታዋ ወደ ክብ በቀረበች መጠን ልኬቱ ይከዳሻል። ወርዷ 9.5፣ ርዝመቷ 10 ሚሊ ሜትር ብትሆን 72 ዲግሪ ነው የሚወጣው። ወርዷን በግማሽ ሚሊ ሜትር አብልጠሽ ብትለኪ 90 ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ሜትር እኮ የብዕር ጫፍ ውፍረት ነው።

ነርሷ፦ ቆርቆሮ ያሉት ለዚህ ነው?

መርማሪው፦ ቆርቆሮ በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ አይመጥም፣ የጠብታዋ ጠርዝ ሳይቦጫጨቅ ይቀራል። ግን ሞገድ አለው። ጎንና ጎን ያረፉ ሁለት ጠብታዎች አንዷ ወደ ላይ በሚያቀና፣ ሌላዋ ወደ ታች በሚያቀና ተዳፋት ላይ ናቸው። ሁለቱን እንደ ጠፍጣፋ ግድግዳ ከለካሽ ከሁለት ቦታ የመጣ ደም ይመስልሻል። መጽሐፎቹ የሚጻፉት ቀለም የተቀባ ልስን ግድግዳ ባለበት አገር ነው። እዚህ ያለው ቆርቆሮና በጭቃ የተመረገ የማሽላ አገዳ ነው። አገዳው መሐል ክፍተት አለ፤ ግማሹ ፍንጣቂ ሾልኮ ውጭ ይቀራል።

ነርሷ፦ ወለሉስ?

መርማሪው፦ ወለሉ የባሰ ነው። በአዛባ የተለቀለቀ ወለል ደም ሲያርፍበት ቅርጹን አይጠብቅም፤ ይስበዋል። እሱም ሳይነካ ቢቆይ ነው። ሰው የሞተበት ቤት ወለል ሳይታጠብና እንደገና ሳይለቀለቅ ያድራል? ሬሳውም ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ ይቀበራል። በሃይማኖት ትክክል ነው፣ በሰውነትም ትክክል ነው፤ የእኔ ሥራ ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ሜዳ ላይ የወደቀውማ! ከሁመራ እስከ ገዳሪፍ ያለው መሬት ዋልካ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ይሰነጠቃል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። ሰው እላዩ ላይ ደሙ ቢያልቅ ጠዋት ላይ የሚቀርሽ የጠቆረ አፈር ነው፤ ጠብታ የሚባል ነገር የለም።

ነርሷ፦ ያ ስንጥቅ ለእኛም ጠላት ነው። የካላዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ እዚያ ውስጥ ነው የምትውለው።

መርማሪው፦ ዝንብ ካነሣሽ ሌላ ዝንብ ልንገርሽ፤ ተራዋን የቤት ዝንብ። ደም ትልሳለች፣ ሄዳ ታስመልሰዋለች፣ ኩሷንም ትጥላለች። አምፖል ላይ፣ ጣሪያ ላይ፣ መስኮት ላይ ደቃቅ ቀይ ነጥብ ይሞላል። በኬሚካል ስትመረምሪው ደም ነው ይልሻል፤ እውነቱንም ነው፣ ደም ነው። ልምድ የሌለው መርማሪ ከተኩስ የተረጨ ጭጋግ ነው ብሎ ይጽፋል። መለያው ጭራው ነው፤ የዝንብ ነጥቦች ጭራቸው በየአቅጣጫው ነው፣ ወደ ኋላ መስመር ብትስቢላቸው የትም አይገናኙም። በዚህ ሙቀት ዝንብ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል ብለሽ ነው?

ነርሷ፦ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ትደርሳለች። ግን ሙቀቱ ይጠቅማችሁ የለም? ደሙ ቶሎ ይደርቃል።

መርማሪው፦ ይጠቅማል። የጠብታ ዳሩ ቀድሞ ይደርቃል፤ መሐሏ እርጥብ ሳለ ሰው ቢያብሳት ቀለበት ትቶ ይሄዳል። ቀለበቱን ስታዪ ደሙ ካረፈ በኋላ ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው እንደነካው ታውቂያለሽ። ብዙ ደም ከተጠራቀመ ደግሞ ይረጋል፣ ከዚያ የረጋው ተኮማትሮ ቢጫ ውኃ ይለቃል። ያንን ያየ ሰው፣ ተጎጂው ከተመታ በኋላ ይህን ያህል ጊዜ ተኝቷል ብሎ መናገር ይጀምራል።

ነርሷ፦ እዚህ ላይ ላቋርጥዎት። የረጋ ደም ተኮማትሮ ውኃውን የሚለቀው በፕላትሌት ኃይል ነው። ካላዛር የያዘው ሰው ጣፊያው ያብጣል፣ ፕላትሌቱ ይወርዳል። የእሱ ደም ያን ቢጫ ውኃ ቢለቅም ዘግይቶ ነው። ገዳሪፍ ደግሞ በሱዳን ካላዛር ከጸናባቸው ቦታዎች ዋናው ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ተባረክ አላህ ሆስፒታል ለዓመታት ያከሙት እኮ እነዚህን ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው ወጣት በሽታውን አያውቀውም፤ ሰውነቱም አልለመደውም።

መርማሪው፦ ይሄ መጻፍ አለበት። መጽሐፎቹ ጤነኛ ሰው ደም ላይ ነው የሚያወሩት።

ነርሷ፦ ገና አልጨረስኩም። ካላዛር ያለበት ሰው ይነስረዋል። አፍንጫው ደም እየጣለ ያስላል፣ ያስነጥሳል። አልጋው አጠገብ ያለው ግድግዳ በደቃቅ ነጥብ ይሞላል። በማግስቱ ያ ሰው በድንገት ቢሞትና ፖሊስ ቢጠራ ምን ይላሉ?

መርማሪው፦ በጭንቅላት ላይ የተሰነዘረ ምት ይላሉ፤ ያልተጠነቀቀው ይላል። የተነፈሰ ደም ከተመታ ደም ጋር በመጠኑ ይመሳሰላል። ከአየር ጋር ስለወጣ አንዳንዴ ነጥቡ ውስጥ የአረፋ ምልክት ይገኛል፤ ከምራቅ ጋር ከተቀላቀለ ይቀጥናል፣ ምራቁም በላቦራቶሪ ሊገኝ ይችላል። ሁልጊዜ ግን አይገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «አፍንጫው ወይም አፉ ደም ነበረው?» ነው። ያንን የሚመልስልኝ ሬሳውን ያየ ሐኪም ነው። እኛ አገር ለብዙ ዘመን «አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ተላከ» ሲባል ትሰሚ የለ? ከመተማ ወይም ከሁመራ አዲስ አበባ ድረስ! ሬሳው አንድ ከተማ፣ ግድግዳው ሌላ ከተማ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ሳይኖር መዝገቡ ይዘጋል።

ነርሷ፦ በፊልም እንደማየው፣ የታጠበውን ደም በሚያበራ ፈሳሽ ማግኘት አይቻልም?

መርማሪው፦ ሉሚኖል ነው። ደም ውስጥ ያለውን ብረት ሲያገኝ በጨለማ ያበራል። በረኪና ሲያገኝም ያበራል።

ነርሷ፦ የእኛ ክሊኒክ ወለል ቢረጭበትማ እንደ ሰማይ ያበራል።

መርማሪው፦ ለዚያ ነው ብርሃኑ ብቻውን ማስረጃ የማይሆነው። መጀመሪያ ደም መሆኑ፣ ቀጥሎ የሰው ደም መሆኑ ይረጋገጣል። የሰውን ከእንስሳ የሚለየውን ምርመራ ኡለንሁት የተባለው ጀርመናዊ በ1901 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ ሰበብ የለም። ፋሲካ ላይ በግ የታረደበትን ግድግዳ ይዘሽ ሰው እንዳትከሺ። ከዚያ በኋላ ነው የቅርጽ ወሬ የሚመጣው።

ነርሷ፦ ይህን የቅርጽ ነገር ማን ጀመረው?

መርማሪው፦ በሥርዓት የጻፈበት ፒዮትሮቭስኪ የሚባል ሰው ነው፤ በ1895 እ.ኤ.አ. በቪየና ታተመ። ጥንቸሎችን እየመታ ደማቸው ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አጠና። ዛሬ ማንም አይፈቅድለትም፤ ሥዕሎቹ ግን እስካሁን ያስደንቃሉ። ከዚያ በ1939 ፈረንሳዊው ባልታዛር የወርድና የርዝመቱን ሒሳብ አመጣ። ዓለም ያወቀው ግን በአሜሪካ ነው። ሐኪሙ ሳም ሼፕርድ በ1954 ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ተፈረደበት። ፖል ኪርክ የተባለው ሳይንቲስት የመኝታ ቤቱን ደም አይቶ ገዳዩ የመታው በግራ እጁ ነው አለ፤ ሼፕርድ ቀኝ ነበር። በ1966 እንደገና ሲዳኝ ነጻ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፖሊሱ ሁሉ ደም አንባቢ መሆን ፈለገ። በ1971 ማክዶኔል የተባለው ሰው መጽሐፉን አወጣ፣ ለፖሊሶች የሳምንት ሥልጠና ይሰጥ ጀመር። ችግሩ የጀመረውም እዚያው ነው።

ነርሷ፦ የሳምንት?

መርማሪው፦ 40 ሰዓት። ቴክሳስ ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በ1985 እ.ኤ.አ. ሚስቱ ተገደለችበት። የ40 ሰዓት ሥልጠና ያለው መርማሪ በእጅ ባትሪ መስተዋት ላይ ያሉ ነጥቦችን አይቶ ከቅርብ ተኩስ የተረጩ ናቸው አለ፤ ሰውየው ከ30 ዓመት በላይ ታሰረ። በ2018 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ የፎረንሲክ ሳይንስ ኮሚሽን ያ ምስክርነት የሳይንስ ድጋፍ የለውም ብሎ ደመደመ። ሰውየው የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. በአመክሮ ነው። ኢንዲያና ውስጥ ደግሞ የቀድሞ ፖሊስ አለ፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ የተገደሉበት፣ ቲሸርቱ ላይ 8 ደቃቅ ነጥቦች የተገኙበት። የዐቃቤ ሕግ ባለሙያዎች ሲተኩስ የተረጨበት ነው አሉ። የተከላካይ ባለሙያዎች ወንድ ልጁን ሊያነሣ ሲጎነበስ ከሴት ልጁ ፀጉር የተነካካ ነው አሉ። ያው ቲሸርት፣ ያው ስምንት ነጥብ! ሁለት ጊዜ ተፈረደበት፣ በሦስተኛው በ2013 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጣ። በዚያው ግድያ ሌላ ሰው ቀድሞ ተፈርዶበት ነበር።

ነርሷ፦ ታዲያ ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ጥንቆላ?

መርማሪው፦ ሒሳቡ ሳይንስ ነው፤ ጥንቆላው ከሒሳቡ በኋላ የሚመጣው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዚህ ሙያ ያለው እርግጠኛ አለመሆን እጅግ ትልቅ እንደሆነ፣ ብዙው አስተያየትም ከሳይንስ ይልቅ የግል ግምት እንደሆነ ጻፈ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ 75 በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች አመጣጡ የታወቀ የደም ምልክት ቀርቦላቸው ተፈተኑ፤ ከመልሳቸው 11 ከመቶ ያህሉ ስህተት ነበር። ያ ደግሞ በሰከነ ፈተና ነው። በዝናብ፣ በዝንብና በአዛባ ወለል ላይ አልተፈተኑም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ በዚህ አያያዝዎ ምንም ዓይነት ማስረጃ አይተርፍም። ማይካድራ ላይ ሰው ታረደ አልታረደም የሚባል ክርክር የለም። እርስዎ ግን ሁሉን ነገር አይታወቅም እያሉ ሁለቱንም ወገን እኩል ያደርጓቸዋል።

መርማሪው፦ አላደርግም። የማይነበበውን ስነግርሽ የሚነበበው እንዲከበር ብዬ ነው። አንድ ነገር አስቢ። የቀን ሠራተኞች የሚያድሩበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ገጀራ ተነሥቶ ሲወርድ፣ ተነሥቶ ሲወርድ፣ ከስለቱ የሚወጣው ደም ጣሪያው ላይ በመስመር ይሰለፋል። መስመሩን ቆጥረሽ ቢያንስ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ታውቂያለሽ፤ የመጀመሪያው ምት ስለቱ ገና ደም ስለሌለበት መስመር አይሠራም፣ አንድ ትጨምሪለታለሽ። የፍንጣቂው መነሻ ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍታ ላይ ከተገናኘ ሰውየው ወድቆ ወይም ተኝቶ ነበር። ያን ክፍል የለካ ሰው ኖሮ ቢሆን «በተኩስ ልውውጥ መሐል የሞቱ ናቸው» የሚል ሰው ሲመጣ፣ አይደሉም ብሎ ያፈርስበታል። ደም ታሪክ መሥራት ላይ ደካማ ነው፤ ውሸት ማፍረስ ላይ ግን ጎበዝ ነው። ከዚያ አልፎ የገዳዩን ብሔር ጠብታው ላይ የሚያነብ ሰው ካጋጠመሽ ባለሙያ አይደለም።

ነርሷ፦ ለካው እንዴ? ማን ገባ?

መርማሪው፦ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቡድን በ2013 ከኅዳር 5 እስከ 10 ማይካድራንና ዙሪያውን አየ፤ የመጀመሪያ ሪፖርቱ ኅዳር 15 ወጣ። ቢያንስ 600 ሰው ተገድሏል አለ። ጥቃቱን ያደረሰው ሳምሪ የተባለ የወጣቶች ቡድን ከአካባቢው የጸጥታ ኃይል ጋር ሆኖ ነው፣ ዒላማዎቹም አማራና ወልቃይቴ የተባሉ ሰዎች ነበሩ አለ። በጥቅምት 24 ቀን 2014 የወጣው ከተባበሩት መንግሥታት ጋር የተሠራው ሪፖርት ደግሞ ከ200 በላይ አማራዎች መገደላቸውን አስቀመጠ፤ ከዚያ ቀጥሎ በትግራይ ተወላጆች ላይ የበቀል ግድያ መፈጸሙንም መዘገበ። ኡም ራኩባ ያገኘሻቸው ሁለቱ ሰዎች ሁለቱም የሆነ ነገር ይዘው ሊሆን ይችላል። ያንድ ፎቶ ባለቤት ግን ሁለቱም ሊሆኑ አይችሉም።

ነርሷ፦ ቁጥሩስ? 600 እና 200 እንዴት አንድ ይሆናሉ?

መርማሪው፦ አንድ አይሆኑም፤ ቁጥር የሚቆመው መቃብር ሲቆጠር ነው። ግን ልብሽን የሚነካ ነገር ልንገርሽ። በኮሚሽኑ የመጀመሪያ ሪፖርት ውስጥ ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ደም አይደለም፤ ሲም ካርድ ነው። ከግድያው በፊት ቤት ለቤት መታወቂያ ሲታይ የሱዳን ሲም ካርድ እየተፈለገ ይሰበር ነበር ይላል። ድንበር ላይ የሱዳን ኔትወርክ ይሠራ ነበር፤ የእኛው ግን ተዘግቶ ነበር። ሲሙን የሚሰብረው ሰው የሚመጣውን ያውቃል፤ ማንም ድረሱልኝ ብሎ እንዳይደውል ነው። ይሄ ዕቅድ ይባላል። የትኛውም ጠብታ ዕቅድ አይነግርሽም።

ነርሷ፦ ሰቲት ወንዝ ላይ የተገኙት አስከሬኖችስ? ያን ጊዜ ድንበር ላይ፣ ሐምዳይት የነበሩ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ሲያወሩት ድምፃቸው ይቀየራል። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ 2013 ነው፤ ወንዙ ሞልቶ። ወድ አል-ሂሉ አካባቢ ያሉ የሱዳን መንደርተኞችና ስደተኞቹ እየጎተቱ አወጧቸው፣ እዚያው ዳር ቀበሯቸው። የአንዳንዶቹ እጅ የፊጥኝ ታስሯል። በትግርኛ ንቅሳት የተለዩም ነበሩ። ስደተኞቹ ከሁመራ በተከዜ፣ በዚያው ወንዝ፣ የወረዱ ናቸው አሉ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ፈጠራ ነው አለ። እዚያ ምን ደም አለ? ውኃው አጥቦታል።

መርማሪው፦ እዚያ ደም የለም፤ ማሰሪያው ግን አለ። ሰው እጁን ከኋላው የፊጥኝ አስሮ ራሱን ወንዝ ውስጥ አይጥልም። የሲኤንኤን ጋዜጠኞች ያማከሯቸው የፎረንሲክ ባለሙያዎች ሌላ ነገር አስተውለዋል፤ አስከሬኖቹ የመፍረሳቸው ደረጃ ተመሳሳይ ነበር፣ ይህም ወንዝ ከመግባታቸው በፊት አንድ ቦታ አብረው እንደቆዩ ይጠቁማል አሉ። አየሽ፣ ሳይንሱ ከደም ወደ ሥጋ፣ ከሥጋ ወደ ገመድ ይሸጋገራል። እኛ አገርም ሆኗል። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር ኮተቤ ላይ የደርግ ዘመን የጅምላ መቃብር ሲከፍት፣ አጽሞቹ አንገት ላይ የናይሎን ገመድ ተገኘ። ደም ከጠፋ ዓመታት አልፈውታል፤ ናይሎን ግን አይበሰብስም። ገዳዮቹ ያነቁበት ገመድ ራሱ መሰከረባቸው።

ነርሷ፦ ኮተቤ ላይ መንግሥት ተለውጦ ስለነበር ነው መቃብሩ የተከፈተው። እዚህስ?

መርማሪው፦ ነገሩ እሱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እንኳ ግጭቱ ወደ ተካሄደባቸው ቦታዎች እንዲሄድ አልተፈቀደለትም፤ አዲስ አበባን አይቶ ተመለሰ፣ በ2016 መጀመሪያ ሥልጣኑ ሳይታደስ ቀረ። አንድ ሪፖርት ላይ «በርቀት በተደረገ ቃለ መጠይቅ» የሚል ሳነብ ግድግዳው ይታየኛል፤ ማንም ያልለካው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ተኩሱ ተከፈተ። ገዳሪፍ ከካርቱም፣ ከገዚራና ከስናር በመጣ ሰው ሞላ። የእኛዎቹ መዝገብ ገና ሳይከፈት የእነሱ ተደረበበት።

ነርሷ፦ የእነሱንም ቁስል እያጠብኩ ነው የምውለው። ለዚህ ነው የመጣሁት በእውነቱ። ፎቶው ሰበብ ነበር። ሰው ቆስሎ ሲመጣልኝ ልብሱን ቀድጄ አወጣለሁ። የምጥለው ፌስታል ውስጥ ነው። አንዳንዱ በኋላ «ልብሴ የት አለ? ማስረጃዬ ነው» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መርማሪው፦ አንደኛ፣ ፌስታል ተዪ። እርጥብ ደም ፌስታል ውስጥ ይሻግታል፣ ዲኤንኤው ይበላሻል፣ ልብሱ ሲታጠፍ አንዱ ጎን በሌላው ላይ እየታተመ ያልነበረ ቅርጽ ይሠራል። ጥላ ላይ አስጥተሽ አድርቂው፤ ፀሐይ አታሳዪው። ከዚያ በወረቀት ጠቅልለሽ ካኪ ፖስታ ውስጥ። ሁለተኛ፣ ጥይት ወይም ስለት የቀደደውን ቀዳዳ በመቀስሽ አታቋርጪው፤ በሌላ በኩል ቅደጂ። ሐኪሞች ሁሉ የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው፣ ስንት ጊዜ ተጣልቻቸዋለሁ። ሦስተኛ፣ ማን እንደሰጠሽ፣ መቼ፣ ለማን እንዳስረከብሽ ጻፊ። ያ ወረቀት ከሌለ ልብሱ ጨርቅ ነው።

ነርሷ፦ ካኪ ፖስታ ከየት ይመጣል? ፋሻም እያለቀብኝ ነው።

መርማሪው፦ የስኳር ወረቀት ከረጢት ይሆናል። ሕይወት ማዳኑ ይቀድማል፤ ደም የሚፈሰውን ሰው ትተሽ ልብስ ስታጥፊ እንዳላገኝሽ።

ነርሷ፦ አንድ ነገር ቀረኝ። አንዲት እናት አለች፤ የልጇን ሸሚዝ ከነደሙ ይዛ ድንበር ተሻግራለች። ደሙ ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኗል። አሁን ልታጥበው ፈለገች። ልታጥበው እንጂ ልትጥለው አይደለም። «እሱን አጥቤ ላስቀምጠው፤ እንዲህ ሆኖ ማየት ደከመኝ» ትላለች። ማስረጃ ነው ብዬ ልከልክላት?

መርማሪው፦ አንቺ ምን ትያለሽ?

ነርሷ፦ እኔማ ልከለክላት አልችልም። ግን ደግሞ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቢቋቋም…

መርማሪው፦ ጨርቅ ላይ ያለ ደም ከሁሉም ይልቅ አሳሳች ነው፤ በክሩ እየተሳበ ይሄዳል፣ ከላይ የመጣውን ከውስጥ ከፈሰሰው ለመለየት ማጉያ መነጽር እንኳ ይቸግረዋል። ከቅርጹ የምታጪው ብዙ አይደለም። ማን መሆኑን የሚናገር ትንሽ ቁራጭ፣ ከስፌቱ አካባቢ፣ እሷ ከፈቀደች ቆርጠሽ በወረቀት አስቀሪ። ቀዳዳዎቹ ከታጠበም በኋላ እዚያው ናቸው። ከመታጠቡ በፊት ግን ፎቶ አንሺው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጊው፣ ስልክሽን ቀጥ ብለሽ ከላይ ያዢው፣ ከጎን እንዳይሆን። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቀዳዳ። አጠገቡ ማስመሪያ አድርጊ።

ነርሷ፦ ማስመሪያ የለኝም።

መርማሪው፦ ሳንቲም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ በዚህ አገር ሳንቲም ካዩ ስንት ጊዜዎ ነው? ዕቃው ሁሉ በሺህ ነው የሚገዛው።

መርማሪው፦ እንግዲያው የባንክ ካርድ። በዓለም ሁሉ መጠኑ አንድ ነው፤ 85.6 በ54 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩን በወረቀት ሸፍኚው።

ነርሷ፦ የአገር ቤት ባንክ ካርድ አለኝ። ሱዳን ከገባሁ ጀምሮ አንድም ማሽን አልተቀበለውም።

መርማሪው፦ ለዚህ ይበቃል።